ዝቋላ ቱምቢዬን ይስበዋል ወይ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ቢሾፍቱ አካባቢ የሕንፃ ሥራ ላይ ነኝ። ከሳይታችን ዝቋላ ይታያል። ትምህርት ቤት እያለን ቱምቢ (በክር የሚንጠለጠለው ክብደት) ቀጥ ብሎ ወደ መሬት መሃል ያመለክታል ተብለን ተምረናል። በቅርቡ አንድ ቀያሽ ግን ተራራ አጠገብ ቱምቢ ወደ ተራራው ያዘነብላል፣ ባህር ላይም ከሥሩ ተራራ ካለ ውሃው ጉብ ይላል አለኝ። እውነት ነው? ከሆነስ በቱምቢ ያቆምናቸው ኮለኖች ሁሉ ጠማማ ናቸው ማለት ነው? ውሃውስ ጉብ ካለ ለምን ወደ ጎን አይፈስም?»

ቀያሹ ያለው እውነት ነው። ኮለኖችዎም ቀጥ ያሉ ናቸው፣ አይስጉ። ሁለቱ ነገሮች የሚጋጩ ይመስላሉ እንጂ አይጋጩም። ለምን እንደማይጋጩ ለማየት ግን ጉዳዩን ከሥሩ መጀመር ይሻላል።

መጀመሪያ «ወደ መሬት መሃል» የሚለውን እናስተካክል። አንድም ተራራ ባይኖር እንኳ ቱምቢ የመሬትን መሃል በትክክል የሚያመለክተው በምድር ወገብና በሁለቱ ዋልታዎች ላይ ብቻ ነው። ምክንያቱም መሬት ትሽከረከራለች። ሽክርክሪቱ ወገቧን ወደ ውጭ ገፍቶ ከዋልታዎቹ በኩል ጠፍጠፍ አድርጓታል። ከመሃል እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት ከመሃል እስከ ዋልታ ካለው በ21 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ እርስዎ ካሉበት፣ ከምድር ወገብ ወደ 9 ዲግሪ ገደማ ሰሜን ላይ፣ የቱምቢውን ክር በሐሳብ ወደ ታች ብናስረዝመው የመሬትን መሃል በ6 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ስቶ ያልፋል። በ45 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ደግሞ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይስታል።

ይህ ግን የታወቀና በቀላሉ የሚሰላ ነገር ነው። ቀያሾች ኤሊፕሶይድ የሚሉት ለስላሳ የመሬት ቅርጽ አላቸው፤ ጠፍጣፋነቱን እዚያ ውስጥ አስገብተው ጨርሰዋል። ጂፒኤስም የሚሠራው በዚሁ ቅርጽ ላይ ነው። የኛ ጉዳይ ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ነው። እውነተኛው ቱምቢ ከዚያ ለስላሳ ቅርጽ ቀጥተኛ መስመር በምን ያህል ይለያል? ልዩነቱን የሚያመጡት ተራሮች፣ ሸለቆዎች፣ የባህር ወለል ቅርጽና ከሥር ያለው ድንጋይ ክብደት ናቸው።

ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ በዲግሪ አይነገርም፤ በማዕዘን ሰከንድ ነው የሚነገረው። አንድ ዲግሪ 3,600 ሰከንድ አለው። የአንድ ሰከንድ ማዘንበል በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በአቀማመጥ ሲመነዘር ደግሞ አንድ ሰከንድ ኬክሮስ በመሬት ላይ 31 ሜትር ገደማ ይሆናል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይያዙልኝ፤ አንዱ ለግንበኛ፣ ሌላው ለካርታ ሠሪ ነው።

አሁን ወደ ዝቋላ እንምጣ። ስሌቱ እንዲቀል ተራራውን ከሜዳው 1 ኪሎ ሜትር ከፍ ያለ፣ ግርጌው ላይ 10 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሾጣጣ አድርገን እንውሰደው። ድንጋዩም በሜትር ኪዩብ 2,700 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ጠቅላላ ክብደቱ ወደ 70 ቢሊዮን ቶን ይሆናል። ቁጥሩ ያስፈራል፤ ነገር ግን ከመላው መሬት ጋር ሲወዳደር ምንም ነው። አንድ ሰው ግርጌው ላይ ቱምቢ ቢያንጠለጥል፣ መሬት ወደ ታች የምትስብበት ኃይል ተራራው ወደ ጎን ከሚስብበት 50,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ቱምቢው ወደ ተራራው ያዘነብላል፤ ያዘነበለው ግን 4 ሰከንድ ብቻ ነው። በሰሜኑ ግርጌ ወደ ደቡብ 4 ሰከንድ፣ በደቡቡ ግርጌ ወደ ሰሜን 4 ሰከንድ። ከተራራው 25 ኪሎ ሜትር ርቀው ከቆሙ ደግሞ ስቦሹ ወደ ሃያ አምስተኛው ይወርዳል፤ ከሩብ ሰከንድ በታች ነው። ስበት ከርቀት ጋር በፍጥነት ስለሚደክም ለቱምቢ አቅጣጫ ወሳኙ ቅርብ ያለው ነገር ነው። ይህን ነጥብ ባህሩ ጋ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

«ታዲያ ይህን ያህል ትንሽ ነገር ማን ለካው?» ቢሉ፣ ታሪኩ ረጅምና የሚያስደንቅ ነው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ቱምቢው ሲያዘነብል ውሃ ልኩም አብሮ ያዘነብላል፣ የቀያሹ ማዕዘን መለኪያ ቴዎዶላይቱም እንዲሁ፣ ባልዲ ውስጥ ያለው ውሃም እንዲሁ። እዚያው ቦታ ላይ ባለ በማንኛውም መሣሪያ ማዘንበሉን ማየት አይቻልም፤ ሁሉም የሚታዘዘው ለዚያው ስበት ነውና። ለተራራ የማይገዛ ምስክር ያስፈልጋል። ያ ምስክር ኮከብ ነው። ቀጥታ ከራስ በላይ ያለውን አቅጣጫ ከቱምቢ ወስደው አንድ ኮከብ ከዚያ አቅጣጫ በስንት ማዕዘን እንደሚርቅ ይለካሉ። ከተራራው በሌላኛው በኩልም ይህንኑ ይደግሙታል። ቱምቢዎቹ ወደ ተራራው ካዘነበሉ፣ «ከራስ በላይ» የሚለው አቅጣጫ በሁለቱም ወገን ከተራራው ወደ ውጭ ይሸሻል። ስለዚህ ሁለቱ ቦታዎች በኮከብ ሲለኩ በመሬት ላይ በገመድ ከሚለካው በላይ ተራርቀው ይገኛሉ።

እ.ኤ.አ. በ1738 (ከዚህ ወዲያ ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌ ይህን በኢኳዶሩ ቺምቦራዞ ላይ ሞከረው። ከባልደረባው ከላ ኮንዳሚን ጋር ወደዚያ የሄዱት የመሬትን ቅርጽ ለመለካት ነበር፤ መንገዳቸውን ሳይለቁ ከ6,000 ሜትር በላይ የሆነውን ተራራ ፈተኑት። በበረዶና በነፋስ መሃል ያገኙት 8 ሰከንድ ያህል ነው። በስሌቱ የጠበቀው ግን ከ100 ሰከንድ በላይ ነበር። ልኬቱ አስቸጋሪ ስለነበር ቡጌ ራሱ ሌላ ሰው በተሻለ ተራራ ላይ እንዲደግመው ተመኘ። ያ ትልቅ ልዩነት ግን ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ ትርጉም አገኘ።

ድጋሚው የመጣው በ1774 ነው። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነቪል ማስከላይን በስኮትላንድ ሺሃሊየን ወደሚባል ተራራ ወጣ። ተራራው ቁመቱ 1,083 ሜትር ብቻ ነው። የተመረጠው ግን ብቻውን ስለቆመ፣ ጎኖቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑና ጀርባው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለተዘረጋ ነው። ማስከላይን በደቡብና በሰሜን ጎኑ ጎጆ ሠርቶ በደመናና በዝናብ መሃል ለወራት ኮከብ ሲለካ ከረመ። በመሬት ላይ ሲለካ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት 43 ሰከንድ ነበር። በኮከብ ሲለካ 54.6 ሰከንድ ሆነ። የ11.6 ሰከንዱ ልዩነት የተራራው ሥራ ነው። ተራራ ቱምቢን እንደሚስብ ከዚያ ወዲያ የሚጠራጠር አልነበረም።

ከዚህ ልኬት የወጣው ግን ከዚያም በላይ ነው። ተራራው ምን ያህል እንደሳበ ከታወቀና ተራራው ራሱ ምን ያህል እንደሚመዝን ከተገመተ፣ መላዋን መሬት መመዘን ይቻላል። ሥራው የሒሳብ ሊቁ የቻርልስ ሃተን ሆነ። በሺህ የሚቆጠሩ የከፍታ ነጥቦች ቀረቡለት። እነሱን ለመያዝ እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች በመስመር አያያዘ። ዛሬ እያንዳንዱ የሳይት ፕላን ላይ የምናየውን ኮንቱር በየብስ ካርታ ላይ ቀድመው ከተጠቀሙበት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ውጤቱ፣ መሬት በአማካይ ከውሃ 4.5 ጊዜ ትከብዳለች የሚል ነበር። ዛሬ የምናውቀው 5.5 ነው። የገጹ ድንጋይ 2.7 ገደማ ከሆነ፣ ውስጡ እጅግ የከበደ ነገር መኖር አለበት ማለት ነው። ከአንድ የስኮትላንድ ተራራና ከቱምቢ ክር የመሬት ሆድ ብረት መሆኑን መጠርጠር መቻል፣ በኔ ግምት ከሳይንስ ታሪክ ውብ ሥራዎች አንዱ ነው።

ቀጥሎ የመጣችው ህንድ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ህንድን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲቀይሱ፣ በመካከለኛው ህንድ ያለችው ካልያንፑርና በሂማላያ አቅጣጫ ያለችው ካልያና ላይ ችግር ገጠማቸው። በሁለቱ መካከል 600 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። በመሬት ላይ በሦስት ማዕዘን ቅየሳ የተገኘው ርቀትና በኮከብ የተገኘው በ5.24 ሰከንድ ተለያዩ። ይህ 160 ሜትር ነው፤ ለዚያ ጥንቃቄ ለተሞላበት ሥራ ብዙ ነው። በካልካታ የነበረው የአንግሊካን ካህንና የሒሳብ ሰው ጆን ፕራት፣ ጥፋተኛው ሂማላያ ሳይሆን አይቀርም ብሎ የተራሮቹንና የቲቤትን አምባ ስበት አሰላ። ያገኘው ግን ሌላ እንቆቅልሽ ነው። ሂማላያ ማሳየት የነበረበት ልዩነት 15.9 ሰከንድ ነው። የታየው ሲሦው ብቻ ነው። ተራራው ከሚገባው በታች ይስባል፣ ልክ እንደ ቺምቦራዞ።

መልሱን በ1855 የሰጠው ሌላው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ጆርጅ ኤሪ ነው። የመሬት ቅርፊት ከሥሩ ባለው ከባድ ነገር ላይ ተንሳፍፎ ነው ያለው አለ። ውሃ ላይ የተንሳፈፉ ግንዶችን ያስቡ፤ ከውሃው በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ግንድ ከውሃው በታችም ጠልቆ የገባው ነው። ተራራም እንደዚሁ ሥር አለው። ሥሩ ከዙሪያው ካለው ማንትል፣ ማለትም ከቅርፊቱ በታች ካለው ከባድ የድንጋይ ንብርብር፣ ቀለል ያለ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ከላይ ያለው ትርፍ ክብደት ቱምቢውን ሲስብ፣ ከሥር ያለው ጉድለት ስቦሹን ከፊሉን ይሰርዘዋል። ዛሬ በመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ስናየው በቲቤት ሥር ቅርፊቱ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወፍራል፤ የተለመደው አህጉራዊ ውፍረት የዚያ ግማሽ ያህል ነው። ፕራት ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ተራራ ከፍ የሚለው ከሥሩ ያለው ዓምድ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው አለ። ሁለቱም በየቦታቸው ትክክል ሆነው ተገኝተዋል።

የኛን አገር ለሚያውቅ ይህ ክርክር ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ አምባ ከፍ ብሎ የቆመው በወፍራም ቅርፊት ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ማንትል ሞቃትና ስለዚህም ቀላል መሆኑ ተሸክሞታል። የፕራት ሐሳብ እዚህ ጋ ትልቅ ድርሻ አለው። ወደ አፋር ስንወርድ ነገሩ ይገለበጣል። ከጣርማበር አፋፍ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ሲታይ ከ1,500 ሜትር በላይ የሚወርድ ግድግዳ ነው። አፋፉ ሥር ለቆመ ሰው በምዕራብ በኩል ያለው የድንጋይ ክምር ቱምቢውን ወደ ራሱ ይስባል። በምሥራቅ በኩል ግን የአፋር ቅርፊት ቀጭን ነው፤ በሰሜን ዳናኪል ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ይሆናል። ቅርፊቱ ከሳሳ ከባዱ ማንትል ወደ ላይ ቀርቧል ማለት ነው፤ እሱም በበኩሉ ይስባል። ስለዚህ ገደሉን በዓይን ብቻ አይቶ «ቱምቢው በዚህን ያህል ያዘነብላል» ማለት ያሳስታል። የሚታየው መሬት ግማሹ ታሪክ ነው።

ማዘንበሉ የት ድረስ ይሄዳል? በሜዳማ አገር ጥቂት ሰከንድ ነው። በተራራማ አገር ከ10 እስከ 30 ሰከንድ የተለመደ ነው። በሂማላያ ደቡባዊ ተዳፋት ከ100 ሰከንድ በላይ የሚደርስበት ቦታ አለ። ያም ቢሆን የአንድ ዲግሪ ሠላሳ ስድስተኛ ገደማ ነው።

አሁን ወደ ባህር። እዚህ ጋ ነገሩ በሜትር ወደሚለካ ደረጃ ይደርሳል፤ ውሃ ራሱ የቱምቢ መሣሪያ ነውና። የረጋ ውሃ ፊት በየቦታው ከቱምቢው ክር ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል። ቱምቢው ካዘነበለ የውሃው ፊትም ያዘነብላል።

የባህር ውሃ በሜትር ኪዩብ 1,025 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የባህር ወለል ድንጋይ ከ2,800 ኪሎ በላይ ነው። ስለዚህ ከወለሉ 2,000 ሜትር ከፍ ያለ የባህር ውስጥ ተራራ ሲኖር፣ ውሃ መሆን የነበረበት ቦታ በድንጋይ ተይዟል። ያ ትርፍ ክብደት ዙሪያውን ያሉትን ቱምቢዎች ሁሉ ወደ ራሱ ያዘነብላል። ውሃውም ወደ እሱ ይሰበሰባል። ግርጌው እስከ 20 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ እንዲህ ያለ ተራራ ከበላዩ ያለውን የባህር ፊት 2 ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል። ጫፉ ከውሃው በታች በሺህ ሜትሮች ጠልቆ፣ ማንም ሳያየው ማለት ነው። በተቃራኒው ጥልቅ የባህር ስርጥ ካለ፣ ድንጋይ መሆን የነበረበት ቦታ ውሃ ሆኗል። ክብደት ጎድሏል፤ የውሃው ፊትም እዚያ ላይ ይሰረጉዳል።

ታዲያ ጉብ ያለው ውሃ ለምን አይፈስም? ውሃ የሚፈሰው ወደ ታች ነው። ታች የቱ እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ እዚያው ያለው ስበት ነው። በጉብታው ጎን ላይ ቱምቢው ወደ ተራራው ስላዘነበለ፣ ለዚያ ቦታ ያ ጎን ተዳፋት አይደለም፤ ደልዳላ ነው። መርከብ ጉብታውን ሲወጣ ሞተሩ አንድ ጠብታ ነዳጅ አይጨምርም። መርከቡ ላይ ውሃ ልክ ቢያስቀምጡ አረፋው መሃል ላይ ይቆማል። እንዲያውም ውሃው የሚፈሰው ጉብታው ባይኖር ነበር። ባህሩን ለስላሳ አድርገን ብንተወው ውሃው ጉብታውን እስኪሠራ ድረስ ወደ ተራራው ይጎርፍ ነበር። ይህ በስበት የሚወሰነው የባህር ፊት፣ በየብስ ሥርም እንደቀጠለ ታስቦ፣ ጂኦይድ ይባላል። ከፍታን «ከባህር ጠለል በላይ» ስንል የምንለካው ከእሱ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ከህንድ በስተደቡብ የባህሩ ፊት ከኤሊፕሶይዱ ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ከሁለት ሜትር ጉብታ አንጻር ግዙፍ ነው። የቱምቢውን አቅጣጫ ግን ያን ያህል አያዛባም። ዝቅታው በ3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የተዘረጋ ስለሆነ ተዳፋቱ 7 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ምንጩም የባህር ወለል ሳይሆን ጥልቁ ማንትል ነው። የባህር ውስጥ ተራራው 2 ሜትር በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ ስለሚወጣ 20 ሰከንድ ያዘነብላል። ለአቅጣጫ የሚበልጠው ቅርብና ስል የሆነው ነገር ነው፤ ዝቋላ ላይ ያየነው ሕግ ይኸው ነው።

ባህርና ተራራ አንድ ላይ ሲሠሩ ምን እንደሚሆን ለማየት ፖርቶ ሪኮን ያህል ምሳሌ የለም። ደሴቲቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋች ተራራማ መሬት ናት። በሰሜኗ ከ8,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ የባህር ስርጥ አለ፤ በደቡቧም ጥልቅ ባህር ነው። ሰሜን ዳርቻ ላይ ያለ ቱምቢ ወደ ደቡብ፣ ደቡብ ዳርቻ ላይ ያለው ወደ ሰሜን ያዘነብላል፤ ደሴቲቱ እየሳበች፣ የስርጡ ጉድለትም እያገዛት። ቀያሾች የሁለቱን ዳርቻዎች አቀማመጥ በኮከብ ሲለኩ ደሴቲቱ ከእውነተኛ ስፋቷ አንድ ማይል ያህል ሰፍታ ተገኘች። ልኬቱ ስህተት አልነበረም። ኮከቦቹም ልክ ነበሩ። «ከራስ በላይ» የሚለው አቅጣጫ ነው በሁለቱ ዳርቻዎች የተለያየው።

ባህር ላይ ስበትን መለካት ረጅም ጊዜ አስቸግሯል፤ ማዕበል መሣሪያውን ያናውጠዋል። ሆላንዳዊው ፌሊክስ ቬኒንግ ማይኔስ በ1920ዎቹ መፍትሔ አገኘ። ማዕበል ወደማይደርስበት ጥልቀት በባህር ሰርጓጅ መርከብ ወርዶ በፔንዱለም ለካ። በጃቫ አጠገብ ባለው ስርጥ ላይ ስበቱ እጅግ የደከመ ረጅም ቀበቶ አገኘ። ከስበት መጠን ተነስቶ የቱምቢን ማዘንበል የሚያሰላውም ቀመር በእሱ ስም ይጠራል።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ግን በሳተላይት ነው። ሳተላይት በራዳር ወደ ባህሩ ፊት ያለውን ርቀት በሴንቲ ሜትር ደረጃ ይለካል። ማዕበሉና የባህሩ መሙላትና መጉደል ከተጣራ በኋላ የሚቀረው ጉብታና ስርጉድ፣ ከሥር ያለውን ወለል ያሳያል። የአሜሪካ ባህር ኃይል በ1985 ጂኦሳት የተባለውን ሳተላይት አመጠቀ። መረጃው ለዓመታት ምስጢር ሆኖ ቆይቶ በ1995 ሙሉ በሙሉ ተለቀቀ። አውሮፓውያኑም በ1991 ባመጠቁት ሳተላይት ተመሳሳይ ልኬት አድርገዋል። ዴቪድ ሳንድዌልና ዋልተር ስሚዝ ሁለቱን አዋህደው በ1997 የዓለምን ባህር ወለል ካርታ አወጡ። ዘዴያቸው በመሠረቱ የጠያቂያችን ቱምቢ ነው። በሳተላይቱ መንገድ ላይ የባህሩ ፊት ምን ያህል እንዳዘነበለ ለኩ፤ ከማዘንበሉ ተነስተው ስበቱን፣ ከስበቱ ተነስተው ተራሮቹን አገኙ። ዛሬም መርከቦች በድምፅ ሞገድ በዝርዝር የለኩት የዓለም ባህር ወለል ሩብ ገደማ ብቻ ነው። ስለቀሪው የምናውቀው በአመዛኙ ከውሃው ፊት ማዘንበል ነው።

ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጥር 2005 ሳን ፍራንሲስኮ የተባለ የአሜሪካ የኒውክሌር ባህር ሰርጓጅ መርከብ፣ ከጓም ደቡብ በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ በሙሉ ፍጥነት እየሄደ ካርታው ላይ በአግባቡ ካልተመለከተ የባህር ውስጥ ተራራ ጋር ተጋጨ። አንድ መርከበኛ ሞተ፤ ብዙዎች ተጎዱ። የባህር ወለልን ማወቅ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው፤ ለዚህም ነው በሁለት ሜትር ጉብታ ላይ ይህን ያህል የምንጨነቀው።

ለንደን ያላችሁ አንባቢዎች ማዘንበሉን በእግራችሁ ልትረግጡት ትችላላችሁ። ግሪንዊች ሄዳችሁ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት የዜሮ ኬንትሮስ መስመር ላይ ቁሙ። ስልካችሁ ዜሮ አይልም። የጂፒኤስ ዜሮ ከዚያ 102 ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ ፓርኩ ውስጥ ነው። መስመሩ የተወሰነው የተራራ ሥርን ሐሳብ ባመጣው በዚያው በጆርጅ ኤሪ ቴሌስኮፕ ነው። ቴሌስኮፑ ቀጥ ማለቱ የሚረጋገጠው በሳህን ላይ በረጋ ሜርኩሪ ነበር፤ ሜርኩሪው ደግሞ ለአካባቢው ስበት ይታዘዛል። ግሪንዊች ላይ ቱምቢው በትንሽ ሰከንዶች ስላዘነበለ፣ ያ ትንሽ ማዘንበል 102 ሜትር ሆኖ ወጣ።

እኛም ጋ ተመሳሳይ ነገር አለ። የቆዩት የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል መነሻ ነው። መነሻው ነጥብ በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ ነበር፤ ዛሬ በአስዋን ግድብ ሐይቅ ውሃ ሥር ነው። የነጥቡ አቀማመጥ የተወሰነው በኮከብ ስለሆነ፣ የዚያ ቦታ ቱምቢ ማዘንበል ከመነሻው ጋር ተሳስሮ እስከኛ ድረስ መጥቷል። የድሮ ካርታና ጂፒኤስ ከ100 ሜትር በላይ የሚለያዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው ካርታዎቹ የተጠቀሙበት ኤሊፕሶይድ ከጂፒኤሱ የተለየ መሆኑ ነው። የድሮ የመሬት ሰነድ በስልክ ጂፒኤስ የሚፈትሹ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ብዙ የወሰን ጭቅጭቅ ይቀር ነበር።

ወደ ሕንፃዎ ስንመለስ፣ ኮለን ቀጥ ማለት ያለበት ከኤሊፕሶይድ ጋር አይደለም። ክብደቱን ወደ ታች የሚያወርደው በአካባቢው ስበት ነው፤ ስለዚህ ቀጥ ማለት ያለበት ከቱምቢው ጋር ነው። ቱምቢው ወደ ተራራው ካዘነበለ ኮለኑም አብሮት ማዘንበል አለበት፤ ያኔ ነው ሸክሙ በመሃሉ የሚወርደው። ከኤሊፕሶይዱ ጋር አስተካክለን ብናቆመው ነበር ጠማማ የሚሆነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ረጅም ርቀት ላይና ሁለት ዓይነት ልኬት ሲቀላቀል ነው። የመስኖ ቦይ ወይም የውሃ መስመር ከፍታ በጂፒኤስ ብቻ ከተወሰደ፣ ቁጥሩ ከኤሊፕሶይዱ የተለካ ነው። ውሃው ግን ለኤሊፕሶይድ አይታዘዝም። ቱምቢው በዚያ አካባቢ 10 ሰከንድ ካዘነበለ በ10 ኪሎ ሜትር ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ስህተት ይመጣል። በኪሎ ሜትር 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ እንዲወርድ ለታቀደ ዋና ቦይ ይህ ከተዳፋቱ ሩብ ያህሉ ነው። እንዲህ ላለው ሥራ ወይ በሌቭል መሣሪያ ከፍታውን እየለኩ መሄድ፣ ወይ የጂፒኤሱን ከፍታ በጥሩ የጂኦይድ ሞዴል ማረም ግድ ነው። ዋሻ ላይ ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል። 57 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የስዊዘርላንዱ ጎትሃርድ የባቡር ዋሻ ከሁለት ወገን ሲቆፈር የአልፕስ ተራሮች ስቦሽ በስሌቱ ገብቶ ነበር፤ በዋሻው አፎች ላይ የቱምቢው ማዘንበል ኮከብ በሚያነሳ ካሜራ ተለክቷል። በ2010 ሁለቱ ወገኖች ሲገናኙ ልዩነቱ ወደ ጎን 8 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር።

እርስዎ ጋ ግን ዝቋላ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ፣ በ30 ሜትር ቁመት ባለ ጂ ፕላስ ሰባት ላይ ተራራው የሚያመጣው ፈቀቅታ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ እሱም ቢሆን ጠማማነት እንዳልሆነ አይተናል። አንድ ኮለን ከጠመመ ካሳፎርማው ኮንክሪት ሲሞላ ተገፍቶ ወይም ነፋስ ቱምቢውን ሲያወዛውዘው ተለክቶ ነው። ቱምቢውን ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ አንጠልጥለው እስኪረጋ ይጠብቁት፤ ከሞሉ በኋላም ኮንክሪቱ ሳይደርቅ አንድ ጊዜ ደግመው ይለኩት።